የመሃሉ ቅጠል

ከመጀመሪያው የተከተላችሁኝ አንባቢዎች ትንሽ ታገሡኝ፤ ዛሬ ገና የደረሰ እንግዳ ካለ ደጅ ቆሞ እንዳይቀር ሁለት ሦስት ነገር ልንገረው። ከበቡሽ የግራዝማች ወንዳፈረው ልጅ ናት። ግራዝማች ከመንዝ መጥተው ሆሳዕና ላይ በዳኝነት የተቀመጡ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ከከተማው ውጭ ጃጁራ ድረስ ይሰማል የሚባልላቸው ሰው ናቸው። ባፈና ደግሞ የአገሬው የሀዲያ ልጅ ነው። አባቱ የግራዝማች ገባር ነው፤ እሱም ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንጨት ተሸክሞ በግራዝማች ጓሮ ሲገባ ሲወጣ ያደገ ነው። ይኸው ልጅ የኔታ ተክለ ሃይማኖት እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል ቆጠረ፣ ዳዊት ደገመ፣ በመጨረሻም በከተማው የሚስተካከለው የሌለ የእጅ ጽሕፈት አወጣ። የዳኛ ልጅና የገባር ልጅ እንዴት ተዋደዱ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ተረት አዋደዳቸው እላችኋለሁ።

ያን ጊዜ፣ በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ልጅ ማንበብ ተማረ ማለት ዳዊት ደገመ ማለት ነበር። ዳዊቱ ግዕዝ ነው፤ ልጁ የሚያውቀው አማርኛ ወይም ሀዲይኛ ነው። እንደ ውሃ ያንበለብለዋል፣ ምን እንዳለ ግን አያውቅም። ሲጨርስም የሚያነበው ሌላ ነገር ስለሌለ በሁለት ዓመት ውስጥ ፊደሉን ይረሳዋል። ይህ ነገር የከበቡሽን አንጀት በላው። የሚያስቅና የሚያስፈራ ነገር በሚያውቀው ቋንቋ ቢጻፍለት ልጅ ከመጽሐፍ አይላቀቅም ብላ ተነሣች። ባፈና እናቱ የነገረችውን ተረት ያመጣል። እሷ በአማርኛ ታሳምረዋለች። ከዚያ እሱ በትልልቅ ፊደል፣ አርእስቱን በቀይ ቀለም እየጻፈ፣ ትንሽ ጥራዝ አድርጎ ይሰፋዋል። በየሽፋኑ ላይ «ያነበበ ለአሥር ሰው ያሰማ፣ ከዚያም ያሳልፍ» የሚል አለበት። ጥራዞቹ በነጋዴ ስልቻ ፎንቆና ጃጁራ ደረሱ፤ አንዱ እንዲያውም ሙዱላ ታየ ተባለ።

ፍቅራቸውም የሚመላለሰው በዚያው ጥራዝ ነበር። ባፈና «እመቤቴ፣ ስሕተት ካለ ይዩልኝ» ብሎ ከሚያመጣቸው መካከል አንዱ በቀይ ክር የተሰፋ ይሆናል። ከበቡሽ ክሩን ትፈታና ከመሃል የሱን ደብዳቤ አውጥታ ጥራዙን በነጭ ክር መልሳ ትሰፋዋለች። ቀይ ክር ደብዳቤ አለበት፤ ነጭ ክር ተረት ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጻጻፉ አንድም ቀን አልተሳሳቱም።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ከበቡሽ ድፍረት ተሰማትና አባቷን ለመነቻቸው። የኮርቻ ማስቀመጫው ቤት ባዶውን ነውና ለልጆች የንባብ ቤት ይስጡኝ አለች። ግራዝማች ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ። በመጨረሻም ለዳግማይ ትንሣኤ ልጆቹ ፊታቸው ቀርበው እንዲያነቡ አዘዙ። ፍሬ ያለው ነገር ከሆነ ቤቱን እሰጥሻለሁ፣ የሥራ ፈት ወሬ ከሆነ ግን ወረቀቱን ሁሉ እሳት ውስጥ እከተዋለሁ አሏት። ከበቡሽም ስድስት ልጆች መርጣ፣ ለፋሲካ ዋዜማ ስድስት ጥራዝ አከፋፍላ፣ አንድ ሳምንት አጥኑ አለቻቸው። እነሆ ዛሬ ዳግማይ ትንሣኤ ነው።

ጠዋት ላይ ግቢው ሁሉ ሽር ጉድ ይላል። ባፈና ከሌሎች ገባሮች ጋር ለዳሱ ቀርከሃ ተሸክሞ ገባ። ከበቡሽ አጠገብ ሲደርስ የተሸከመውን ያስተካከለ መስሎ ጎንበስ አለና፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ማለት ይቻላል፣ ጠየቃት።

«እመቤቴ፣ አነበቡት?»

«ምኑን?»

«የመሃሉን ቅጠል። ቀይ ክር አልቆብኝ በነጭ ሰፋሁት። ሁልጊዜ ገልጠው ስለሚያዩ…» አለና ፊቷን አይቶ ቃሉን ሳይጨርስ ተወው።

ከበቡሽ አልገለጠችም። የፋሲካ ሰሞን ቤቱ በእንግዳ ተጨናንቆ፣ እናቷ በዚህ ስትጠራት እሷ በዚያ ስትሮጥ፣ ስድስቱንም ነጭ ክር አየችና እፎይ ብላ ለልጆቹ ሰጠች።  ባጠገቧ ያለውን የቀርከሃ ምሰሶ ያዘች።

«ምን ብለህ ነበር የጻፍከው?» አለችው።

«ሁሉንም» አለ ባፈና። 

ቀርከሃውን ተሸክሞ ሄደ፤ እሷ እዚያው ቀረች። ለምን እንዲህ እንደፈራች ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ሊመስለው ይችላል። አምና አንድ የገባር ልጅ ከግራዝማች የወንድም ልጅ ጋር በአጥር ሲነጋገር ታየ ተብሎ አርባ ጅራፍ ተገረፈ። አባቱ ደግሞ ከነቤተሰቡ ከማሳው ተነቀለ፤ አሁን የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም። እነዚያ እኮ ደህና ዋልክ ደህና ዋልሽ ነው የተባባሉት። ሁሉንም የጻፈ ሰው ምን ሊደርስበት ነው? የባፈና ጀርባ ታያት። የሽማግሌ አባቱ እንሰት ተነቅሎ ታያት። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እንዲህ ላለ ቀን ነው።

የሚያስፈራት ሌላም ሰው ነበር። ግራዝማች ፊደል አልተማሩም፤ ሕጉን ሁሉ በቃላቸው ነው የያዙት። ደብዳቤያቸውን የሚያነብላቸውና የሚጽፍላቸው ኃይለመለኮት የሚባል ጸሐፊ አላቸው። ኩሩ፣ ንጹሕ ለባሽ፣ በእጅ ጽሕፈቱ ከራሱ በቀር ማንንም የማያደንቅ ሰው ነው። አንድን ጽሕፈት ካየ የማን እጅ እንደሆነ ሳይሳሳት ይናገራል። ይህ ሰው ከበቡሽን ለማግባት ሽማግሌ ልኳል፤ ግራዝማችም «ከፋሲካ በኋላ እንነጋገራለን» ብለውታል። ፋሲካው ደግሞ ይኸው አልፏል።

ልጆቹ አንድ በአንድ ሲመጡ ከበቡሽ ጥራዛቸውን «ቆሽሾ እንደሆነ ልይ» እያለች ተቀበለች። የመጀመሪያውን ገለጠች፤ ተረት ብቻ ነው። ሁለተኛውም ተረት ነው። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛውም እንዲሁ። እያንዳንዱ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ሰው ደስ ይለው ነበር፤ እሷ ግን የቀረው አንድ እየሆነ ሲመጣ ይብሱን ፈራች። የቀረችው ሙሉነሽ ናት። ሙሉነሽ የነጋዴው የብሩ ልጅ፣ የአሥር ዓመት ጩጬ፣ ከስድስቱ ሁሉ ንባቧ የበረታው ናት። ለትናንቱ ገበያ ከእናቷ ጋር ፎንቆ ሄዳ ገና አልተመለሰችም።

የቀትር ጸሐይ ዘንበል ሲል እንግዶች መግባት ጀመሩ። ከበቡሽ በር በሩን እያየች ቆመች። ምነው ዛሬ የእነ ሙሉነሽ በቅሎ አንካሳ በሆነች፣ ምነው ወንዝ በሞላ እያለች የሰው ልጅ መንገድ እንዲሰናከል ተመኘች፤ በኋላ ግን አፍራ አማተበች። ወዲያው ሙሉነሽ ከእናቷ በቅሎ ዘላ ወርዳ ጥራዙን በደረቷ አቅፋ እየሮጠች መጣች።

«እትዬ ከበቡሽ፣ ፎንቆ ላይ ሁለት ጊዜ አነበብኩት! ገበያተኛው ሁሉ ከበበኝ። አንዲት ሴትዮ አማርኛ ለማያውቁት በሀዲይኛ ትነግርልኝ ነበር። የመሃሉን እኮ በጣም ወደዱት። ሴቶቹ አለቀሱ።»

ከበቡሽ ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለች። እሷ ዓይኗን ያላሳረፈችበትን ደብዳቤ የፎንቆ ገበያ በሁለት ቋንቋ ሰምቶታል ማለት ነው። እንደምንም ፈገግ ብላ ጥራዙን ስጪኝ አለቻት። ልጅቱም ሰጠቻት። እንደ ሌሎቹ አንድ ጊዜ ገልጦ መመለስ ብቻ መስሏት ነበር፤ ከበቡሽ ክሩን መፍታት ስትጀምር ግን ደነገጠች። የመሃሉን ቅጠል አወጣዋለሁ፣ አንቺ ዘለሽው ብታነቢ ይበቃል አለቻት። ሙሉነሽ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቅጠል የዘለለ የእግዜርን ቃል ቆረጠ ተብሎ እንደሚገረፍ የኔታ ከፊደል ጋር አብረው ነው ያስተማሯቸው። ተረት መሆኑን ብትነግራትም አልገባትም፤ የተጻፈ ሁሉ የተጻፈ ነው።

«ይነበብ ተብሎ አይደል የተሰፋው?» አለች ልጅቱ እየተንሰቀሰቀች።

ሰው መዞር ጀመረ። ከበቡሽ ክሩን ግማሽ ፈትታለች፤ አንዴ ብቻ ብትስበው ቅጠሉ ይወጣል። በዚህ መሃል ኃይለመለኮት ነጭ ነጠላውን አሳምሮ ለብሶ ከኋላዋ ደረሰና፣ ግራዝማች የጥራዞቹን ሽፋን ማየት ፈልገዋል፣ ልውሰድልዎ አለ። እጁን ዘርግቶ በትሕትና ቆመ። ለምን እንደማትሰጠው የምትናገረው ምክንያት አጣች። ጥራዙ ከእጇ ወጣ፤ ከልጆቹ ተሰብስበው ከአባቷ ጉልበት ላይ ከተቀመጡት አምስቱ ጋር ተደረበ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በሷ እጅ አልነበረም።

ዳሱ ሞልቷል። ከፊት ሹማምንቱና ቀሳውስቱ፣ ከኋላ ነጋዴዎቹ፣ ከዳር በአጥሩ በኩል ገባሮቹ ቆመዋል። ባፈና ከአባቱ ጎን ነበር። ልጆቹ ተራ በተራ ወጡ። ካህናቱ መጀመሪያ ላይ ፊታቸውን አጨፍግገው ነበር፤ ሦስተኛው ልጅ ሲያነብ ግን አንዱ ቄስ ሳቁን በመቋሚያው ጫፍ ሊሸፍን ሲታገል ታየ። ግራዝማች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንድ ቦታ ላይ «እሱን ድገመው» አሉና ልጁ ደገመላቸው። በሌላ ቀን ቢሆን ከበቡሽ በደስታ ትበር ነበር። አሁን ግን ምነው አባባ በደከማቸው፣ ምነው ዝናብ በመጣ እያለች ሰማዩን ታያለች። አምስተኛው ጨርሶ ሲቀመጥ ግራዝማች ዞር ዞር አሉና አንድ ቀርቶ የለም ወይ ብለው ጠየቁ። ጥራዙን በገዛ እጃቸው ለሙሉነሽ ሰጧት።

የሙሉነሽ ተረት ከዝናብ ጋር ስለተጣላች ዶሮ ነበር። ልጅቱ እንደ ደወል በጠራ ድምፅ ጀመረች። ዶሮዋ አንድም ጠብታ አይነካኝም ብላ ማለች፤ ከቤት ወደ በረት፣ ከበረት ወደ ጓሮ ሸሸች። በመጨረሻም ከእንሰት ቅጠል ሥር ገባችና እንዲህ አለች። እዚህ ላይ ገጹ አለቀ፤ ሙሉነሽ ጣቷን በምራቋ አርጥባ ገለጠች። ከበቡሽ ዓይኗን ጨፈነች።

«እስከ ዛሬ እርስዎ ስልሽ ኖሬያለሁ። በዚህ ወረቀት ላይ ግን ሰው ስለማይሰማኝ አንቺ ልበልሽ። ደግሜ ልጻፈው፤ አንቺ። ይህችን ቃል እስክጽፍ ድረስ ሦስት ብርዕ ቀረጽኩ።»

አንድ ሽማግሌ ዶሮዋ ይህን የምትለው ለዝናቡ ነው ለእንሰቱ ብለው ጠየቁና ሰው ሳቀ። ግራዝማችም እየሳቁ ዝም በሉ፣ ልጅቱ ታንብብ አሉ።

«እንጨት ተሸክሜ ስገባ አንቺ መስኮት ሥር ተቀምጠሽ ታነቢያለሽ። ያኔ ፊደል አላውቅም ነበር። ያ ወረቀት ምን ቢላት ነው እንዲህ ፈገግ የምትለው እያልኩ በወረቀት ቀናሁ። የኔታ ዘንድ የሄድኩት ለነፍሴ ብዬ አይደለም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በወረቀት ቀንቼ ነው።»

ሳቁ ከፊት ጀምሮ እየጠፋ ሄደ፤ ዶሮ እንጨት እንደማትሸከም ሁሉም ገብቶታል። ግራዝማች እጃቸውን ሲያነሡ ሙሉነሽ ጣቷን መስመሩ ላይ እንዳደረገች አቆመች። ኃይለመለኮት ጥራዙን ተቀብሎ አንድ ጊዜ ብቻ አየው።

«የባፈና እጅ ነው ጌታዬ።»

«ለማን ይላል?»

«ስም የለውም።» ይህን ሲል ግን ቀና ብሎ ከበቡሽን አያት። መስኮት ያለው ቤት በሆሳዕና ስንት እንደሆነ እሱ አይጠፋውም።

ባፈና ማንም ሳይጠራው ከአጥሩ ሥር ወጥቶ መጣና ግራዝማች እግር ፊት ተንበረከከ። ቃሉን አላዛነፈም። ለአንዲት የጃጁራ ልጅ የጻፍኩት ነው፣ ተሳስቼ ከልጆቹ ጥራዝ ጋር ሰፋሁት፣ የማንም እጅ የለበትም አለ። ወደ ከበቡሽ በኩል አንዴም አልዞረም። አባቱ ከአጥሩ ጎን ሆኖ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጓል።

ግራዝማች ብዙ ዘመን የዳኙ ሰው ናቸው፤ ውሸት ሲሰሙ ያውቃሉ። ግን ለሁሉም የሚመች ውሸት አለ። ይህኛው የልጃቸውን ስም ያድናል፣ የቤታቸውን ክብር ያድናል፣ የሚያስከፍለው አንድ ጀርባ ብቻ ነው። ፊታቸው ጠቆረ። በልጆች መጽሐፍ የጎረምሳ ወሬ የከተተ አርባ ይገረፍ፣ ወረቀቶቹም ይቃጠሉ ብለው ፈረዱ። አንድ አሽከር ጅራፉን ሊያመጣ ሄደ።

ለከበቡሽ የቀረው ነገር ዝም ማለት ብቻ ነበር። ከበር እስከ አጥር ሁሉም ዝም በይ የሚሏት መሰላት። እናቷ በዓይኗ ትለምናታለች። የባፈና የጎነበሰ ማጅራት ራሱ ዝም በይልኝ ይላል።  ብትናገር እሱንም ራሷንም የምታጠፋ መሰላት። ባትናገር ደግሞ ይገረፋል፣ ከዚያም የጃጁራ ልጅ ወዳጅ ሆኖ ይቀራል፣ እሷም ለኃይለመለኮት ተድራ ዕድሜ ልኳን የዚህን ደብዳቤ ፍጻሜ ሳታውቅ ትሞታለች። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መካከል እልህ ያስያዛት ይህ የመጨረሻው ነበር። የፎንቆ ገበያ የሰማውን ደብዳቤ ባለቤቱ አልሰማችውም።

መቼ እንደተነሣች አታውቀውም። ከኃይለመለኮት እጅ ጥራዙን ወሰደች።

«አባባ፣ ገና አላለቀም» አለች። «የቀረውን እኔ ላንብብልዎት። የተጻፈው ለኔ ነው።»

ከሴቶቹ በኩል አንድ ድምፅ ተሰማ። ግራዝማች አልከለከሏትም፤ አንብቢም አላሉም። እሷም ሙሉነሽ ካቆመችበት መስመር ጀመረች። ድምጿ መጀመሪያ ላይ ለራሷም አልተሰማትም።

«አባትሽን እፈራቸዋለሁ። የምፈራው ጅራፋቸውን አይደለም። አባቴ ታሞ ማሳችን ጦሙን ሊያድር ሲል የራሳቸውን በሬ ልከው አሳርሰውልናል። ለማንም እንዳይነገር ብለው ነበር፤ አንቺም የምታውቂ አይመስለኝም። እንዲህ ያለውን ሰው እያታለልኩ በደጁ መግባቴ ከጅራፉ ይልቅ ያስፈራኛል። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እንዴት በቀለለኝ።»

ከበቡሽ ትንፋሽ ወሰደች። የሚቀጥለው ምን እንደሆነ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ እሷም አታውቅም። ገጹን ገለጠች።

«ከፈራሽ አልቀየምሽም። ይህን ቅጠል ቅደጂውና ለልጆቹ ዶሮአቸውን መልሺላቸው። ከእንግዲህ ከተረት በቀር አልጽፍልሽም። ካልፈራሽ ግን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። የኔታ በዓይን ብቻ የታየ አልተነበበም ይሉናል። ደብዳቤዎቼን ሁሉ ተደብቀሽ በዓይንሽ ብቻ ነው የምታነቢያቸው። ይህችን አንዷን፣ ቤት ዘግተሽም ቢሆን፣ ብቻሽንም ሆነሽ ቢሆን፣ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢያት። ሌላ መልስ አልፈልግም።»

ደብዳቤው እዚህ ላይ አለቀ። የመጨረሻውን ቃል እስክትጨርስ ድረስ ምን እያደረገች እንደሆነ አልገባትም ነበር። ሲገባት፣ የለመናትን መልስ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሰጥታዋለችና፣ ቀና ብላ ባፈናን አየችው። ባፈና እንደተንበረከከ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ያለቅሳል፤ አሽከሩ ጅራፉን እንደያዘ ቆሟል።

ግራዝማች ልጃቸውን ትክ ብለው አዩአት።

«አልፈራሽም?»

«ፈርቻለሁ አባባ። አሁንም እየፈራሁ ነው።»

ግራዝማች ዓይናቸውን ከልጃቸው አንሥተው ወደ ኃይለመለኮት ዞሩ። ከዚያ ጸሐፊያቸውን በየቀኑ ስንት ደብዳቤ እንደሚያነብላቸው ጠየቁት። ኃይለመለኮት ነገሩ ግራ ገብቶት አምስትም ስድስትም ጌታዬ አለ።

«ሁሉም እኔ እንድሰማው የተጻፈ ነው» አሉ ግራዝማች። «ሁሉም ደግ ነህ፣ አስተዋይ ነህ ይለኛል። ሁሉም ከሥሩ የሚፈልገው ነገር አለው። ይህ ግን እኔ እንድሰማው አልተጻፈም።»

 ግራዝማች አሽከሩን ጅራፉን ወደ ቦታው መልስ አሉት። ወረቀት ማቃጠሉ ይቅር አሉ። ከዚያ ባፈናን ተነሥ አሉት፤ ሲነሣም ድምፃቸውን ሳያለዝቡ ተናገሩት።

«ነገ አባትህንና ሁለት ሽማግሌ ይዘህ ና። እሺ አላልኩም፤ እሰማለሁ ነው ያልኩት።»

ይህችን «እሰማለሁ» የምትለዋን የዳኛ ቃል ከበቡሽ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። አባቷ ሰምተው የፈቱት አለ፤ ሰምተው የቀጡትም አለ። አሁን እንኳ ፊታቸውን ብታይ አንዱንም ልታነበው አልቻለችም። ኃይለመለኮት ነጠላውን አደግድጎ ቆሟል፤ ነገር እንደማይተው ታውቃለች። የእናቷ ከንፈር በጸሎት ይንቀሳቀሳል። የባፈና አባት አጥሩን ተደግፏል።

ሙሉነሽ መጥታ ጥራዙን ከከበቡሽ እጅ ቀስ ብላ ወሰደች። ዶሮዋ ገና ከእንሰቱ ሥር እንዳለች ለሰው ሁሉ አስታወሰች፤ ግራዝማችም ሊነሡ ያሉት ሰው ተመልሰው ተቀመጡ። ልጅቱ ማንበብ ስትቀጥል ከፊት ያሉት ጆሯቸውን ጣሉ፣ ከአጥር የቆሙትም ወደ ውስጥ ተጠጉ።

ከበቡሽ ግን ከተረቱ አንድ ቃል አልሰማችም።  ከልጆቹ መካከል ቁጭ አለችና ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አጣብቃ ያዘች። ነገን ፈራችው። በሕይወቷ እንዲህ አድርጋ የፈራችው ቀን የለም፤ እንዲህ አድርጋ የናፈቀችውም ቀን የለም።